የዱሚትራና ለባሽ

ባዝራዋ ከወንዙ ወጥታ ውሃውን ካራገፈች በኋላ ማንም ሳይነዳት ወደ ግራ ታጠፈች። የሚሄዱበት የወሰን ጠባቂዎቹ አለቃ፣ የቡሉክባሻው ቤት በቀኝ በኩል ነው። ሳፍታ ልጓሙን ሳብ ብታደርግ አልሰማ አለቻት። ከኋላ በበቅሎ የሚከተላት ግሊጎር «ተያት፤ እመቤቷ የምትሄድበትን ታውቃለች» አለና የበግ ቆዳ ቆቡን አንስቶ አማተበ። ንግግሩ ምንም አልነበረም፤ ሳፍታን ያላማራት ማማተቡ ነው።

ግሊጎር ከወሰን ጠባቂዎቹ ሁሉ ቀልደኛው ነበር። የቪዲኑ ቱርክ ገዥ፣ የፓሻው ሽፍቶች አንድ ጆሮውን በጎራዴ ከወሰዱበት ወዲህ እንኳ «ለሚስቴ ጭቅጭቅ አንዱም በዝቶብኛል» እያለ የሚኖር ሰው ነው። ዛሬ ግን ከክራኩ መንደር ሲነሱ አንድ ቀልድ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው፤ ሳፍታም መጨረሻውን አልጠየቀችውም።

አሁን ብትፈልግም ልትጠይቀው አትችልም። ከወንዙ ማዶ፣ ከአኻያው ዛፍ ጀርባ የራሷን ልብስ አውልቃ የሟቿን የዱሚትራናን ስትለብስ፣ ባዝራዋም ላይ ስትወጣ፣ አንደበቷንም ከአሮጌ ቀሚሷ ጋር ጠቅልላ እዚያው ትታዋለች። ለባሽ ናት። በአርባው ማዕድ በዱሚትራና ወንበር ተቀምጣ በዱሚትራና ስም ትበላለች፣ ትጠጣለች። ስትጠግብ ጽዋዋን ትደፋለች፤ ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዞራም ሳታይ ወንዙን ተመልሳ ትሻገራለች። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ በሟቿ ስም ይጠራታል፤ እሷ ግን አትመልስም። ሟች ምላስ ካገኘች ከማዕድ አትነሳም፤ ካልተነሳች ደግሞ ብቻዋን አትቀመጥም፣ የምትወደውን ወደ ራሷ ትስባለች። ይህን በዚያ ወንዝ ዳርና ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

ዱሚትራና የምትወደው ደግሞ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ገና ስድስት ዓመት ያልሞላት ሩዣ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቱ የሚሰጣትን ቂጣ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ብቻ ትበላለች፤ ከግማሹም ግማሹን ትተፋለች። የሟቿ አማት፣ የባሻው እናት እማማ ኢሊንካ ወደ ክራኩ የላኩት መልእክት አጭር ነበር፦ ለባሽ ካልመጣች ሁለተኛ መቃብር እንቆፍራለን።

ሳፍታ የተመረጠችው በመልኳ አይደለም። ባሏ ግንድ ሲያወርድ ጎርፍ የወሰደው፣ ልጅ ያልወለደች፣ በወንድሟ ምድጃ ዳር የምትኖር ሴት ናት፤ ሳፍታ ማንኪያዋን ወደ ሳህን ባስገባች ቁጥር የወንድሟ ሚስት ቀና ብላ ታያታለች። ግን ቁመቷ የዱሚትራና ቁመት ነው። የጥሬ ቆዳ ጫማው ሲመጣላትም ማጥበቅ መፍታት ሳያስፈልግ እግሯ ላይ ልክክ አለ። ያን ጊዜ ፈራች። ቢጠባት በወደደች ነበር።

ባዝራዋ ከአንዲት የጭቃ ጎጆ ፊት ቆመች። ከውስጥ ዓይነ ስውሯ አሮጊት ቮይካ የእርጎ ሳህን ይዘው ወጡ፤ ማን እንደመጣ የሚጠይቁ አይመስሉም። እጃቸውን ዘርግተው እርካቡን፣ ከዚያ ጫማውን ዳሰሱ።

«ዛሬ ምነው አረፈድሽ፣ ዱሚትራና?» አሉ። «ለጨው አትጨነቂ። ያለፈው እሑድ ያመጣሽልኝ ገና አላለቀም።»

ግሊጎር እሳቸው እንዳይሰሙት ወደ ሳፍታ ጠጋ ብሎ፣ የዱሚትራናን መሞት ሊነግራቸው የደፈረ ሰው እንደሌለ አንሾካሾከላት። ወዲያው ግን አሮጊቷ ስላሉት እሑድ አሰበ። ዱሚትራና ከሞተች አርባ ቀኗ ነው። ከደጃፉ አጠገብ የተንጠለጠለውን የጨው ከረጢት አየ፤ ሞልቷል። በቅሎውን ሳያስፈልግ በአለንጋ መታት።

ሳፍታ እርጎውን ተቀብላ ጠጣች፤ የለባሽ ሥራ መቀበል ነው። ሳህኑን ስትመልስ አሮጊቷ እጇን ይዘው ትንሽ ቆዩና «ቀዝቅዘሻል ልጄ፤ ቤትሽ ግቢ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ግሊጎር ዝምታውን አልቻለውም፤ ማውራት ጀመረ። ባዝራዋ ከተራራው ሥር ካለው ዋሻ ትይዩ ስትቆምም አላስቸኮላት። ሽፍቶቹ መንደሩን ባቃጠሉበት ዓመት ወንዶቹ በወሰኑ ላይ ሳሉ ሴቱንና ሕፃኑን ሁሉ ወደዚያ ዋሻ ያስገባችው ዱሚትራና እንደነበረች ነገራት። ሩዣ ያን ጊዜ ገና በሆዷ ነበረች። አንዲት ግትር አሮጊት ያለፍየሌ አልሄድም ብላ ፍየሏን ይዛ ገብታ ኖሮ፣ ሽፍቶቹ ከዋሻው በላይ ሲሰፍሩ ፍየሏ መጮህ ፈለገች። ዱሚትራና አፏን ይዛ ጭኗ ላይ አስተኛቻትና የራስ ሻሿን ጫፍ አጎረሰቻት። ፍየሏ እስኪነጋ ሻሹን ስታኝክ አደረች፤ ሰውም በዚያ ተረፈ። ዱሚትራና ከዚያ ወዲያ ለበዓል ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በዚያው በተበላ ሻሽ ነበር። መስፍኑ ለባሏ የብር ሽጉጥ ሲሸልሙት፣ «እኔን ፍየል ሸልማኛለች» ብላ ስቃለች። የተበላው ጫፍ እንዳይታይ ግን ቋጠሮውን ወደ ማጅራቷ ታዞረው ነበር።

ሳፍታ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ያሠረችው ሻሽ አንዱ ጫፍ የተነጨ ነው። እሷ የክራኩ ሴቶች እንደሚያደርጉት ከአገጯ በታች ነበር የቋጠረችው።

ግሊጎር ያልነገራትን ሳፍታ ራሷ ታውቃለች። በበጋው መጨረሻ ማዶ ተስቦ ሲገባ ዱሚትራና ሕሙማን ለማስታመም ተሻገረች። ሩዣ ገና ቂጣዋን እየበላች ነበርና «ግማሹን አቆዪልኝ፤ ስመለስ አብረን እንበላለን» ብላት ወጣች ይባላል። በሳምንቱ ወንዙ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው የወሰን ጠባቂዎቹ አለቃ ደግሞ የገዛ ባሏ ቡሉክባሻ ፓውን ነው። እሷም በሽታው ይዟት ነበር። «አታሻግረኝ፣ ልጄ እዚያ ናት» ብላ ከማዶ የጮኸችው ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ባሻው ከዳርቻው ቆሞ «ዱሚትራና!» ብሎ ይጣራል፤ እሷም ከበሽተኞች ጎጆ «ወዬ!» ትለዋለች። ክራኩ ከዚያ ቅርብ ነውና ሳፍታ በየምሽቱ ትሰማው ነበር። እየቀጠነ የሚሄድ፣ ግን ሳቅ የማይጠፋበት ድምፅ ነበር። አንድ ምሽት ባሻው ተጣራ፤ ማንም አልመለሰለትም። ጎጆውን ከነአስከሬኖቹ አቃጠሉት። ቤቷ ሬሳዋን አላየም፤ ሩዣም የሸኘቻት እናት የላትም።

ግቢው ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የበግ ሾርባው በመዳብ ጋን እየፈላ፣ የስንዴ ንፍሮው በማር ተለውሶ ተሰናድቷል። ቄሱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ለባሿ ስትገባ ላለማየት በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል። የማያዩትን አያወግዙም፤ ድርሻቸውን ግን በሳህን አስይዘዋቸዋል። የዱሚትራና ውሻ ከጎተራው ሥር ወጥቶ ሳፍታ ዘንድ መጣና ጫማዋን አሽትቶ ከእግሯ ሥር ተኛ። ማንም አልሳቀም።

ሩዣ ከደረጃው ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኖቿ በከሳው ፊቷ ላይ ትልልቅ ሆነዋል። ከዚያ ወርዳ ግሊጎርን ይቺ ማን ናት ብላ ጠየቀችው፤ እሱም፣ ክፉ አይንካችሁ፣ ሳያስበው «እትዬ ሳፍታ» አለ። እማማ ኢሊንካ በማማሰያ እጁን አሉት። ልጅቱ ግን ስሙን ሰምታለች። ሳፍታን በቀሚሷ ይዛ ዝቅ አደረገቻትና ሻሿን ፈታች።

«እማዬ ከኋላ ነው የምታሥረው» አለች። በትንንሽ ጣቶቿ መልሳ ቋጠረችላት፤ የተበላውን ጫፍ ወደ ውስጥ ደበቀችው።

ከማዕዱ ራስ፣ ከዋልኑት ዛፉ ሥር፣ ሳፍታን አስቀመጧት። እንደ ሥርዓቱ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያለውን ለዱሚትራና ነገራት። አንዱ ሱባሺው ግብር ሊሰበስብ በመጣ ጊዜ አረቄው ውስጥ ጨው ጨምራ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲያስለምነው እንዳሳደረችው እያስታወሰ ሳቀና በሳቁ መሀል አለቀሰ። አንዷ ከባሏ ዱላ ሸሽታ ስትመጣ ዱሚትራና አልጋዋን ለቃላት መሬት የተኛችላት መሆኗን አሁንም ልትነግራት ቢከብዳት፣ እጇን ስማ ብቻ አለፈች። ሌላው ደግሞ ስትዘፍን ድምፅዋ ይሰቀጥጥ ነበር አላት፤ በዚያ ድምፅ ግን የበጎቹ መንጋ ከሦስት ኮረብታ ማዶ ይሰበሰባል፤ አሁን ማን ይጠራቸዋል? ሳፍታ ዝም ብላ ትሰማለች። ያላወቀቻት ሴት በየቃሉ እየተሞላች፣ ልብሱ ትከሻዋ ላይ እየከበደ መጣ።

እማማ ኢሊንካ በተራቸው ተንበረከኩ። «ምራቴ፣ ወደዚህ ቤት ስትገቢ ሞያ የላትም ብዬ አስወርቼብሻለሁ» አሉ። «ሞያሽን ደብቄው ነው። ልጄ ከኔ ይልቅ አንቺን ሲሰማ ቀናሁ። ይቅር በይኝ።»

መጨረሻ የተነሳው ፓውን ነው። የብር ሽጉጡ ከወገቡ፣ ጢሙ እንደ ሐዘንተኛ ሳይላጭ፣ ከማዕዱ ማዶ ቆመ። ማለት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠገብሽ ወይ? እሷ ጽዋዋን ትደፋለች፤ ያበቃል። እሱ ግን ይህን አልጠየቀም። ድምፁን ረዘም አድርጎ፣ ከወንዙ ዳር እንደሚጣራው አድርጎ ተጣራ።

«ዱሚትራና!»

ሳፍታ ይህን ስትፈራ ነበር። ቃል እንዳታመልጣት ብላ አንድ ጉርሻ የተዝካር ዳቦ አፏ ውስጥ ጨምራ በጥርሷ ነከሰችው። ፓውን ደገመ። እናቱ «ተው ልጄ፣ ከሞተ ጋር አይሞትም» አሉት። እሱ ሳፍታን ብቻ ነው የሚያየው፤ ዓይኑ የሚለምን ዓይን ነው። ትንሽ ብትራራለት፣ አንዲት ቃል ብትወረውርለት፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያመሰግናት ገባት። አልራራችለትም። ጥርሷን አጠበቀች።

ያን ጊዜ ሩዣ ከጎኗ መጥታ ቆመችና ከሳፍታ በላይ ወዳለው፣ ወደ ዛፉ ጥላ ቀና አለች።

«እማዬ» አለች።

«ወዬ» አላት ድምፁ። «ቆየሁብሽ አይደል፣ ሩዥዬ?»

ሰው ሁሉ ሳፍታን አየ። የሾርባ ጭልፋ ከአንዲት ሴት እጅ ወደቀ። ሳፍታ ግን ዳቦው አሁንም በጥርሷ መካከል እንዳለ ነው፤ ምላሷ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ከእሷ ትከሻ በላይ፣ ከጆሮዋ አጠገብ ነበር የመጣው። ታውቀዋለች። ማታ ማታ ከማዶ ትሰማው የነበረው፣ ሳቅ ያለበት ያ ድምፅ ነው።  ዞራ ማየት አልደፈረችም።

ፓውን ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሳ። «የግቢውን በር ዝጉት» አለ። «ሚስቴ ቤቷ ገብታለች።»

እማማ ኢሊንካ ይህች የክራኳ ሳፍታ እንደሆነች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልወጣች ልጅቱን እንደሚያጡ እያስታወሱ ለመኑት። እሱ «ድምፁን አልሰማሽም?» አላቸው። ሰምተዋል። ግሊጎር በጌታውና በእማማ መካከል ቆሞ መወርወሪያውን ጨበጠ፤ መዝጋት እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ዘጋው።

ሳፍታ ተቀምጣ አሰበች። ተነስታ በራሷ ድምፅ «እኔ አይደለሁም» ብትል ሁሉም ይፈርሳል። ባሻው ይነቃ ይሆናል፤ ሩዣ ግን የሰማችውን ታጣለች፣ የጠበቀቻት እናቷም ዳግመኛ ትሞትባታለች። ዝም ብላ ብትቀመጥስ? የቤቱን የድንጋይ ምድጃ በተከፈተው በር አየችው። ማንኪያዋን ማንም ቀና ብሎ የማያይበት ቤት። ልብሱ ልኳ ነው፤ ጫማውም ልኳ ነው። ልጅቱም ቀሚሷን ይዛለች። ሳፍታ መቆየት ፈለገች፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። ከትከሻዋ በላይ ያለችውም ትፈልግ ነበር። የትኛው ፍላጎት የማንኛቸው እንደሆነ መለየት አቃታት፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራትም ይህ ነው።

ሩዣ የሽርጧን ቋጠሮ ፈታች። ማዕዱ ላይ የቂጣ ግማሾች ዘረገፈች፤ እንደ ድንጋይ የደረቁ፣ ዳር ዳራቸው የሻገተ። ሴቶቹ ልጅቱ ስትደብቀው የኖረችውን አይተው አፋቸውን ያዙ። አንዱን መርጣ ለሳፍታ ሰጠቻት።

«አቆዪልኝ ብለሽ ነበር» አለች።

ሳፍታ ቂጣውን ወይን ውስጥ ነከረችው፤ ለሁለት ቆርሳ አንዱን ለልጅቱ፣ አንዱን ለራሷ አደረገች። ሩዣ በላች። ዓይኗን ከሳፍታ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላች፤ ከዚያ ሾርባውን ሳበች፤ ከዚያ የበጉን ሥጋ በእጇ ያዘች። እማማ ኢሊንካ ልጅቱ ስትውጥ እያዩ አብረው ይውጡ ነበር። ጥላው ከዛፉ ሥር ወደ አጥሩ እየረዘመ ሄደ።

ሳፍታ እጇን ወደ ጽዋው ዘረጋች። ጽዋው የእንጨት ነው፣ ባዶ ነው፤ ግን አልገለበጥ አላት። ጣቶቿ ላይ ሌላ መዳፍ ያረፈ መሰላት፤ አይጫንም፣ ያርፋል እንጂ። ሩዣ አየቻት። እጇን ዘርግታ በሳፍታ እጅ ላይ አደረገችና ገፋች። ጽዋው ማዕዱ ላይ ተደፋ።

«አባዬ፣ በሩን ክፈት» አለች። «እማዬ ጠግባለች። እንሸኛት።»

ባሻው ወደ በሩ ዞረ። ያን በጋ ወንዙን የዘጋው እሱ ነው፤ አሁንም በር የዘጋው እሱ ነው። ሄደና መወርወሪያውን በገዛ እጁ አወጣው። ሳፍታን ወደ ባዝራዋ ሲያወጣት እርካቡን ያዘላት፤ ለመስፍኑ እንኳ እርካብ ይዞ አያውቅም። ልጁን አቅፎ ከፊት ሄደ፤ እናቱ፣ ጎረቤቶቹ፣ ውሻው ተከተሉ። ልቅሶ አልነበረም። በቮይካ ጎጆ አጠገብ ሲያልፉ ባዝራዋ አልቆመችም።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ነክታለች። ሳፍታ ዞራ ሳታይ ገባች። ውሃው መሀል ላይ ትከሻዋ ድንገት ቀለላት፤ ባዝራዋም ልክ ያን ጊዜ አንዴ አንኮራፍታ አንገቷን ነቀነቀች። ማዶ ወጥተው ከአኻያው ሥር ስትወርድ ግሊጎር አጠገቧ መጣና፣ አሁን አፍሽ ያንቺ ነው፣ እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ነበርሽ? አላት። ሳፍታ ጉንጯ ውስጥ የቀረውን የተዝካር ዳቦ በጣቷ አውጥታ አሳየችው። የጥርሷ ምልክት እንዳለበት ነው። ግሊጎር የቀረውን አንዱን ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

ከማዶ ፓውን ተጣራ። እንደ ድሮው ምሽት፣ ረዘም አድርጎ «ዱሚትራና!» አለ። ሁሉም ቆመው አዳመጡ። ውሃው ድንጋይ ላይ ሲወርድ ብቻ ተሰማ። ባዝራዋ ሣር መንጨቷን አላቋረጠችም፤ ጆሮዋንም አላነሳች። ፓውን ሁለተኛ አልተጣራም፤ ልጁን አጥብቆ አቀፈ።

ከዚያ ሩዣ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አነሳች።

«እትዬ ሳፍታ!»

ሳፍታ ከመመለሷ በፊት ጥቂት ቆየች፤ ቀድሞ የሚመልስ ሌላ ሰው ካለ ብላ። አልነበረም። ዞራ ልጅቱን አየቻት፤ እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ በራሷ ድምፅ «ወዬ!» አለች።